አረፋ አያጥብም

«አንቺ እጅ የገባ ነጭ፣ ነጭ ሆኖ አይወጣም» አለችኝ አክስቴ፣ አንሶላውን ፊቴ ላይ ዘርግታ።

ፊቴ ላይ ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ጨርቁ አፍንጫዬን ነክቶኛል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሲዳሰስ ግን እንደ ካርቶን ደርቋል፣ ቀለሙም አመድ ነው። ከአንሶላው ወዲያ ሁለት ሾፌሮችና አንድ ረዳት ቁርሳቸውን ይበላሉ። ከሾፌሮቹ አንዱ ሌሊቱን ሰውነቱን ሲያክ እንዳደረ፣ ሲመለስ ሌላ ቦታ ሊያርፍ እንዳሰበ ለአክስቴ በጆሮዋ ነግሯት ነበር። እሱ በጆሮዋ ነገራት፣ እሷ ለእኔ በጉባኤ ነገረችኝ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ ናት። ሞያሌ ውስጥ በኬንያው በኩል፣ ከድንበሩ ወደ ደቡብ በሚወርደው አስፋልት ዳር፣ የሾፌሮች ማደሪያ አላት፤ ግቢውን ከበው የተሠሩ የቆርቆሮ ክፍሎች፣ መሃል ላይ የውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ ጀርባ ደግሞ እኔና ማሽኑ። ፎርም ፎርን፣ የኬንያን ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲም የማያስገባ፣ የሚያስለቅስም ያልሆነ ጊዜ «እስኪለይልሽ እኔ ጋ ሁኚ» አለችኝ። እስኪለይልኝ ድረስ የሰው አንሶላ ሳጥብ ከረምኩ።

ማሽኑ ከላይ የሚከፈት የድሮ ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ ክንፍ ያለው ወፍራም ዘንግ ቆሟል፤ ግራና ቀኝ እየተወራጨ ልብሱን የሚያገላብጠው እሱ ነው። ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ ስትስቢው ይነሳል፣ ስትገፊው ይቆማል። ከጎኑ የውሃውን መጠን የምትመርጪበት ሌላ ትንሽ ቁልፍ አለ። ቧንቧችን ግፊት ስለሌለው ውሃውን የምንሞላው ክዳኑን ከፍተን በጀሪካን ነው። መብራቱ ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣል፣ ውሃው በአህያ ጋሪ፣ ሳሙናው ከሁለቱም አገር። ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙበት ቀን የልብስ ቀን ነው።

እኔ ያንን ማሽን እፈልገው ነበር። እናቴ ሄሉ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባዶ የተቀመጠ ክፍል አላት። ማሽኑን እዚያ ወስጄ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ፣ የሰፈሩን ልብስ በራሴ እጅ፣ በራሴ ሰዓት ላጥብ፤ ከኋላዬ ማንም ሳይቆም። ሐሳቤ ይኼው ነበር። አክስቴን ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች፣ ደግሜ ስጠይቃት ወሬ ለወጠች። ያን ቀን ጠዋት ግን አንሶላውን እየጠቀለለች ለሾፌሮቹ ስታወራ ሰማሁ። ሄሉ ያለው ፉንዲ፣ የተበላሸ የሚጠግነው፣ አሮጌ ዕቃም እየገዛ የሚፈታታው ሰውዬ፣ ቅዳሜ መጥቶ ማሽኑን ይወስድላታል። ሞተሩን ያወጣዋል፣ ቆርቆሮውን ይሸጠዋል። እኛ ወደ ሳፋችን እንመለሳለን።

ሳፋ ማለት እኔ ነኝ። የእሷ እጅ ሳፋ ውስጥ ከገባ ስንት ዘመኑ።

«የኔ እጅ አይደለም» አልኳት። «ያቆሸሸው ያንቺ አስተጣጠብ ነው።»

ረዳቱ ማኘኩን አቆመ።

አክስቴ ወደ ሾፌሮቹ ዞረች። «አያችሁልኝ? ትምህርት ቤት የላክናት ይሄን እንድትነግረን ነው።»

«እስከ ቅዳሜ ማሽኑን አትንኪብኝ። አንሶላውን ነጭ አደርገዋለሁ።»

«ነጭ ካደረግሽውማ ማሽኑን ይዘሽው ሂጂ» አለች። «ከነክዳኑ።»

ለማላገጥ ነው ያለችው። ግን ሁለተኛው ሾፌር ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። እኒህ ሰው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲወርዱም ሲመለሱም የሚያድሩት እዚያ ነው፤ ያን ሳምንት ደግሞ መኪናቸው ተሰብሮባቸው መለዋወጫ እየጠበቁ ነበር። «ሰምቻለሁ» አሉ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ። እኛ ሰፈር ሽማግሌ «ሰምቻለሁ» ካለ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃል። አክስቴም ይሄን ስለምታውቅ አንሶላውን ደረቴ ላይ ወርውራ ወደ ማድ ቤት ገባች።

አሁን የአክስቴን አስተጣጠብ ልናገር። የእሷ ብቻ አይደለም፣ ማሽን ያላቸው የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ እንዲህ ነው የሚያጥቡት። አረፋ ካልታየ ሳሙና አልገባም። ውሃችን ከጉድጓድ የሚወጣ ጨዋማ ነው፣ አረፋ ይበላል። ስለዚህ ይጨመራል። መጀመሪያ በኬንያው በኩል የሚሸጠው፣ ለእጅ አጠባ የተሠራው የዱቄት ሳሙና ይገባል። አረፋ ጠፋ? ከኢትዮጵያ በኩል የመጣው ድፍን ሳሙና በቢላ እየተላጠ ይጨመርበታል። አሁንም ጠፋ? እንደገና ዱቄቱ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አረፋው እንደሚገነፍል ወተት ክዳኑን ሲገፋው አክስቴ ፊቷ ይፈታል። «አሁን ታጠበ» ትላለች፣ ማሽኑ ገና ሳይነሳ።

ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ማሽኑ አጥቦ ሲጨርስ የቆሸሸውን ውሃ ይደፋና ለማለቅለቅ እንደገና ንጹህ ውሃ ሙሉልኝ ይላል። ሞያሌ ውስጥ አንድ ገንዳ ሙሉ ንጹህ ውሃ፣ ሳሙና እንኳ ላልገባበት አጠባ? አክስቴ የትም ትሁን፣ ሰው እያናገረችም ቢሆን፣ ዘንጉ መወራጨቱን ሲያቆም ትሰማዋለች። ሮጣ መጥታ ቁልፉን ትገፋውና ማለቅለቂያውን አሳልፋ መጭመቂያው ላይ ታደርሰዋለች። የወጣው የሳሙና ውሃ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል፤ በሚቀጥለው ቀን አንሶላ ይታጠብበታል። ቁልፉ ዙሪያ የተጻፉት ፊደላት በጣት ብዛት ጠፍተዋል። ማጠቢያው አይነበብም፣ መጭመቂያው አይነበብም። ማለቅለቂያው ብቻ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ይሄን ሁሉ ያኔ አላየሁትም። አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል፤ «ያንቺ አስተጣጠብ» ስላት አናዳኝ እንጂ ምኑ ላይ እንደሆነ አውቄ አልነበረም። ስለዚህ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፣ በረኪና ገዛሁ። ደህና አድርጌ ጨመርኩበት። አንሶላው ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ የቀጠነ ሻይ ቀለም። አክስቴ አየችው። አንስታ ወደ መንገዱ በሚያየው ገመድ ላይ አሰጣችው፣ የሚገባው የሚወጣው ሁሉ እንዲያየው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አክስቴ ገበያ ሄደች። መብራት አለ፣ ግቢው ጸጥ ብሏል፣ እኔ ማሽኑ ላይ ተደግፌ እብስለሰላለሁ። እስቲ ይሄ ነገር ሳሙና ሳይገባበት ምን እንደሚያደርግ ልየው አልኩ። ከአመዳሞቹ አንሶላዎች አንዱን ወሰድኩ። ዘንጉ ላይ ሳልጠመጥመው ዙሪያውን ላላ አድርጌ ከተትኩት፤ የውሃውን መጠን ትልቁ ላይ አደረግሁ፣ ንጹህ ውሃ ሞላሁበት። ቁልፉን ሳብኩት። ሳሙና የሚባል ነገር አጠገቤም አልነበረም።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ዘንጉ ሥር ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ታየኝ። ክሩ ቀለበት ሆነ። ቀለበቱ ሰፋ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው አይታይም፣ ሁሉም አረፋ ነው፣ እየወጣ ነው፣ ክንዴን እየነካኝ ነው። ቆሜ ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ስንት ጨመርሽበት ልጄ?»

«ምንም አልጨመርኩም ጋሼ።»

ጣታቸውን ነክረው አሸቱ። አክስቴ ዘንቢሏን እንደያዘች ስትገባ እጇን ይዤ ጎትቼ አመጣኋት። ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ ደብቀሽ ጨምረሽበት ነው አለች። ውሃውን ደፋሁት። ጀሪካኑን አቀበልኳትና በራስሽ እጅ ሙዪው አልኳት። ሞላችው። ማሽኑ ተነሳ። አረፋው መጣ። አሁንም ደፋን፣ አሁንም ሞላች፣ አሁንም መጣ፤ ትንሽ ቀነስ ብሎ፣ ግን መጣ።

ባዶ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ይሄ ሁሉ የኔ ሳሙና ነው?» አለች።

«ሾፌር ሁሉ ሳሙና ላይ ነው የሚተኛው ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ላብ ሲነካው ነዋ የሚያሳክከን።»

አክስቴ ያዘነችው ለሾፌሮቹ አልነበረም። ስንት ዘመን ሙሉ የገዛችው ሳሙና አንሶላ ውስጥ ተቀብሮ መኖሩ ነው ያንገበገባት። «ስለዚህ ሳሙና አያስፈልገውም» ብላ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ልትሮጥ ስትል ያስፈልገዋል አልኳት፤ ትንሽ፣ ትክክለኛው ዓይነት፣ ከዚያም የሚያስወጣው ውሃ። እሷም «ውሃ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተመልሶ ተቋጠረ።

ፎርም ቱ ላይ ጠጣር ውሃ ድፍን ሳሙናን እንደ እርጎ እንደሚያረጋው ተምረናል። ለፈተና ሸምድጄው ከፈተናው ጋር ጥዬው ወጣሁ። ያን ማታ ተመልሶ መጣልኝ። አመዱ ቆሻሻ አይደለም፤ ክሩ ውስጥ የረጋ ሳሙና ነው። ስለዚህ ድፍኑ ሳሙና ወጣ። ለእጅ አጠባ የተሠራው ዱቄትም ወጣ፤ እሱ እንዲያረፋ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሳፋ ላይ ያምርበታል፣ ማሽን ውስጥ ግን አረፋው ልብሱን እንደ ትራስ ተሸክሞ ከዘንጉ ያርቀዋል። ጨርቅ ከጨርቅ ካልተፋተገ ምን ይታጠባል?

ዓርብ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አረፋ የማያወጣ ሳሙና ስጠኝ ስለው አንዱ ባለሱቅ ሚስቱን ጠርቶ ደግሜ እንድነግራት አደረገኝ። ሁለቱም ሳቁ። ሌላው የማያረፋ ከፈለግሽ ዱቄት ግዢ፣ የቻፓቲ ቂጣ፣ አለኝ። በኬንያው በኩል አንድ ሱቅ ጀርባ ግን ከዳይፐር ካርቶኖች ሥር፣ ፀሐይ ቀለሙን የበላው የማሽን ሳሙና ተገኘ። ላዩ ላይ ከላይ የሚከፈት ማሽን ሥዕል አለበት፣ የኛን ቁርጥ። ባለሱቁ ማስጠንቀቅ ግዴታው መሰለው፤ የገዙት ሴቶች ሁሉ መልሰውልኛል፣ ባዶ ዱቄት ነው፣ ሞቷል፣ አንቺም እንዳትመልሺ አለኝ። የሞተውን ነው የምፈልገው አልኩት። ከዚያ ማዶ ተሻግሬ አቼቶ ገዛሁ፤ ኮምጣጣ ነገር የረጋ ሳሙና ይፈታል።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጥቁር በርሜል የሞላሁትን ንጹህ ውሃ ፀሐይ ለብ እስክታደርገው ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ዙር ሳሙና የለበትም፤ አንሶላ፣ ለብ ያለ ውሃና አቼቶ ብቻ። የወጣው ውሃ ምን እንደሚመስል አልገልጸውም። የሾፌሮቹን ቱታ ቁልፉ ላይ ባለው ከባዱ ዙር በዚያው ውሃ እንደማጥብ ለአክስቴ ስነግራት ትንሽ ለቀቅ አለች፤ ናፍጣና ግሪስ ያለበት ልብስ ለመጀመሪያው ዙር ንጹህ ውሃ አይገባውም። ለአንሶላው ግን ከባዱን አልመረጥኩም። አሮጌ ጥጥ ነው፣ ዘንጉ ይተለትለዋል። መካከለኛው ዙር፣ ትልቁ የውሃ መጠን። የማሽን ሳሙናውን ደረቁን አልበተንኩትም፤ በጆግ ውስጥ በሙቅ ውሃ አሟሟሁትና ዙሪያውን አፈሰስኩት። አንድ ስኒ እንኳ አይሞላም።

አክስቴ ክዳኑን ከፍታ አየች። አረፋ የለም፤ ውሃው ላይ ቀጭን ነገር ብቻ ይንሳፈፋል። ምላሷን ጠቅ አደረገችና ሄደች።

ዘንጉ መወራጨቱን ሲያቆም መጣች። እየሮጠች፣ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች። እጇ ሳትጠይቀው ወደ ቁልፉ ሄደ። እኔ ቀድሜ እጄን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። እጇ እጄ ላይ አረፈ።

«ይለቅለቅ» አልኳት።

«የታንከሩን ግማሽ ነው የምትደፊው።»

«አልደፋም። ቆመሽ እዪ።»

ንጹህ ውሃ ሞላሁ። ዘንጉ ተወራጨ። ማስወጫ ቱቦውን ከአሮጌው በርሜል አውጥቼ አጥቤ ያዘጋጀሁት ባዶ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ሲወጣ አክስቴ አንገቷን አስግጋ አየች። የበርሜሉ ወለል ይታያል። ወለሉ ላይ የነበረችውን የዝገት ነጥብ ሳይቀር አየናት። ሳሙናው ጥቂት ስለነበር አንዴ መለቅለቅ በቃው፤ ያለቀለቀው ውሃ ደግሞ ለሚቀጥለው አንሶላ ማጠቢያ ይሆናል፣ የእሱ እጣቢ ለቱታ፣ የቱታው እጣቢ የግቢውን አቧራ ለማርጠብ። አንድ ጊዜ የሞላነው ውሃ ግቢውን ዞሮ ነው የሚያልቀው። ይሄን ሁሉ አላስረዳኋትም። ጀሪካኑን አንስታ ራሷ ከዚያ በርሜል ቀድታ ቀጣዩን ዙር ሞላችው።

ቢላዋን ማሽኑ ላይ ረስታው ሄደች።

አንሶላዎቹን ንፋሱ አቧራውን ሳያስነሳ አሰጣሁ። በሞያሌ ፀሐይ ሁለተኛውን ሳትጨርሺ የመጀመሪያው ይደርቃል። ፉንዲው በቱክቱኩ ሲደርስ ሁሉም ገመዱ ላይ ነበሩ፤ እኔ፣ አክስቴና ሽማግሌው ደግሞ ከፊታቸው። አክስቴ ክፍሏ ገብታ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ አንሶላ ይዛ መጣች። ለትልቅ እንግዳ ያስቀመጠችው ነው። ዘርግታ ከእኔዎቹ መሃል ሰቀለችው።

አንድ አልነበሩም፤ አዲሱ አዲስ ነው። ግን ፉንዲው ምን እንደምናይ ሳያውቅ ገመዱን ዳር እስከ ዳር ተመለከተና «እነዚህን ሁሉ አዳዲስ ከየት አመጣችኋቸው?» አለ።

አክስቴ አንዱን ጨበጠችው። ለስላሳ ነው። ጉንጯ ላይ አደረገችው። አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም፣ ፀሐይ ፀሐይ ብቻ። ሽማግሌው ያንን አንሶላ ከእጇ ወስደው አጣጠፉና በብብታቸው ያዙት። ዛሬ እኔ በዚህ ነው የምተኛው አሉ።

«እሺ» አለች አክስቴ። «ማሽኑ አይሸጥም። አንቺው ያዢው፣ እዚሁ። ቁልፉን ማንም አይነካብሽም። እኔም አልነካም።»

ደህና ነገር ነበር ያቀረበችልኝ። ከሳምንት በፊት ብትለኝ አንገቷ ላይ እጠመጠም ነበር።

«ይዘሽው ሂጂ ነው ያልሽኝ።»

«ተናድጄ ነው ያልኩት።»

«ከነክዳኑ ብለሻል» አሉ ሽማግሌው።

አክስቴ ሽማግሌውን አየቻቸው፣ ገመዱን አየች፣ እኔን አየችኝ። «የኔን አንሶላ ታዲያ ማን ሊያጥብልኝ ነው?»

«እኔ። ሄሉ ትልኪያለሽ፣ ከማንም በፊት ያንቺ ይታጠባል።»

«ቱታውም?»

«ቱታውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሳሙና ይዘሽ እንዳትመጪ።»

ሳቋ አመለጣት። ልትይዘው ሞክራ ነበር፣ አፍንጫዋ ግን አሳበቀባት። ከዚያ ወደ ፉንዲው ዞራ በኦሮምኛ ተናገረችው፤ መግዛቱ እንደቀረ፣ ማድረሱ ግን እንዳልቀረ። ሰውዬው ለሞተር ብዬ መጥቼ ተሸካሚ ሆንኩ እያለ አጉረመረመ። «ኢንታላ» አለኝ፣ ልጅት እንደማለት ነው፣ «ሲበላሽብሽ ወደ ሌላ ፉንዲ ሄደሽ እንዳላይሽ።» ሰፈርህ ነው የምመጣው፣ የመጀመሪያው ልብስ ያንተ ይሆናል አልኩት። ሸሚዙን ጎንበስ ብሎ አየው።

እሱና የሽማግሌው ረዳት ማሽኑን አንስተው ጫኑት። አክስቴ ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ አላጠበቁትም ብላ ፈታችና ራሷ እንደገና አሰረችው፤ እግሯን ቱክቱኩ ላይ አድርጋ እየሳበች። ከሥሩ ብርድ ልብስ አጥፋ አደረገችለት። ማለቅለቂያው ላይ ስትደርሱ ውሃውን እንዳትደፉት አለችን፣ ፉንዲውንም ጨምራ፣ እሱም አጥቢ ይመስል።

የሳሙናውን ካርቶን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ የማሽኑ ክዳን እንዳይከፈት ክንዴን ላዩ ላይ ጣልኩበት። ፉንዲው ሞተሩን አስነሳ። ከግቢው ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ወደ ሄሉ ሄድን።